የላይኛው ቁልፍ

ኅዳር ላይ ጅማ ጀንፈል ጀንፈል ትሸታለች። የተፈላ ቡና ሽታ እንዳይመስላችሁ። ጀንፈል ከነልጣጩ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቡና ነው፤ ኮምጠጥ ያለ፣ ጣፈጥም ያለ፣ ሸሚዝ ላይ ተጣብቆ ቤት ድረስ የሚከተል ሽታ ነው። የምሠራበት ድርጅት ቡና ይገዛል፣ ያደርቃል፣ ይፈለፍላል፣ ያበጥራል፣ ወደ አዲስ አበባ ይጭናል። እኔ ግን ቡናውን ብዙም አልነካውም። የእኔ ሥራ የሰው ፋይል ነው። ቅጥር፣ ፈቃድ፣ ደብዳቤ፣ ማስታወቂያ። ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይሉኛል፤ መብራት ሲጠፋ ፕሪንተሩ እኔ ነኝ።

ዓምና በዚሁ ወር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት አምስት ገጽ መመሪያ በቴሌግራም መጣ። ስለ አለባበስና ስለ ሥራ ቦታ ገጽታ ነው። ሦስቱ ገጽ ሸሚዝ ይተኮስ፣ ነጠላ ጫማ አይደረግ፣ ባጅ ይንጠልጠል ይላል። በዚህ ማንም አይጣላም። አራተኛው ገጽ ላይ ግን አንድ አንቀጽ አለች። ማንኛውም ሠራተኛ ሃይማኖቱን የሚያሳይ ምልክት በሚታይ ቦታ መልበስ፣ ማሰር፣ መለጠፍም ሆነ መስቀል አይችልም። ምክንያቱም ተጽፏል፤ ድርጅቱ ለደንበኛው ሁሉ ገለልተኛ ሆኖ እንዲታይ። ከሥር ምሳሌ ተደርድሯል። የአንገት መስቀል፣ ሂጃብ፣ ጥምጥም፣ ኪፓ።

ኪፓ! አይሁዶች አናታቸው ላይ የሚያደርጓት ትንሽ ቆብ ናት። ጅማ ተወልጄ አድጌ ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ፣ ከመርካቶ እስከ ቆጪ ኪፓ ያደረገ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ የሌላ አገር ድርጅት መመሪያ እንዳለ ገልብጦ እንደላከልን የገባኝ እዚያ ቃል ላይ ነው። ጥምጥምም ሲኮች የሚባሉት የህንድ ሃይማኖት ተከታዮች የሚጠመጥሙትን ማለታቸው መሰለኝ። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ቄሱንም ሼኩንም በአንድ ቃል ከበር መለሳቸው።

መብራት አልነበረም። ስለዚህ አንቀጿን በማርከር፣ በትልልቁ ገልብጬ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኳት። እውነቱን ልናገርና፣ ጽሑፉ አምሮ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ሰበሰበና "አንተ አንብብላቸው" አለኝ። ቆሜ አነበብኩ። "የአንገት" የምትለው ቃል ላይ ስደርስ እጄ ሳላዛት ወደ ላይ ወጣች። የሸሚዜን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈች። አላሰብኩበትም። በአርባ ቀኔ ክርስትና ስነሳ የታሰረልኝ ማተብ፣ ክሩ ስንቴ እንደተቀየረ እግዜር ይወቅ፣ ሸሚዜ ውስጥ ገባ። በቃ። መመሪያውን አከበርኩ። ሁለት ሰከንድ አልፈጀብኝም።

ቀና ስል ገንዘብ ያዣችን እያየችኝ ነው። ግራጫ ሂጃብ አድርጋለች፤ አገጯ ሥር በአንዲት መርፌ የተያዘ። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። እያየችኝ ብቻ ነው፤ እጄን፣ ከዚያ አንገቴን፣ ከዚያ ወረቀቱን።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቢሮዬ ገባች። አልተቀመጠችም።

"አንተ ቁልፍ ቆለፍክ። እኔ ምን ልቆልፍ?"

ስቄ ለማለፍ ሞከርኩ። እሷ አልሳቀችም። ወጣች።

ይኸው እስካሁን የማስበው ይህቺን ጥያቄ ነው። መመሪያው እኮ አንድም ሃይማኖት ለይቶ አልነካም። መስቀልም አይሁን፣ ሂጃብም አይሁን ነው የሚለው። ወረቀት ላይ ስታዩት ሚዛኑ ልክ ነው። የእኔ እምነት ግን ሸሚዝ ውስጥ ይገባል፤ የእሷ አይገባም። ለኔ ትእዛዙ "ሸፍን" ነው፣ ለእሷ "ግለጪ" ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሰው ታዘዘ፤ አንዱ ቁልፍ ቆለፈ፣ ሌላዋ ፀጉሯን አውጥታ ገበያ መሀል እንድትቀመጥ ተነገራት። ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ ጴንጤ ነው። ምንም የሚያወልቀው ነገር የለም። "የኔ ልቤ ውስጥ ነው ያለው፣ እኔን አይመለከትም" አለ። ይህን ብሎ ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። መዝሙር ነው፣ ያውም እስከ መጨረሻው ድምፅ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ፤ ደግ ሰው ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት ሥራ እምቢ አለኝ። ተነሥቼ ቆጠራ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ከራሴ ወንበር ጀርባ ተገኘ። ካላንደር ነው። ከማኅበር የገዛሁት፣ የቅዱሳን ሥዕል ያለበት፣ በዓላቱ በቀይ የተጻፉበት። ሦስት ዓመት ሙሉ እየቀያየርኩ እዚያው ምስማር ላይ ሰቅየዋለሁ። እኔ ካላንደር ነበር የምለው። ቀን ነው የማይበት። የጎማና የማና ቡና አቅራቢ ግን ሂሳብ ሊያወራርድ መጥቶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ፊት ለፊቱ የሚያየው ቅዱስ ጊዮርጊስን ነው፤ በነጭ ፈረስ ዘንዶውን ሲወጋ። ሦስት ዓመት ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። እኔም ምልክት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። ለካ የራስህ ምልክት ዕቃ ነው የሚመስልህ።

ከዚያ የጽዳት ሠራተኛችን፣ እማማ የምንላቸው፣ ኮሪደሩን ሲወለውሉ አገኘኋቸው። ከወደ ሰሜን በልጅነታቸው የመጡ ናቸው። ግንባራቸው ላይ የተነቀሱት መስቀል አለ፤ አረንጓዴ የነበረው አሁን ወደ ግራጫ ሄዷል። ለቀልድ ነው ያልኳቸው። "እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ መስቀል አይፈቀድም።"

"እንግዲህ ግንባሬን ቁረጡና ውሰዱት" አሉኝ። ሳቁ። ፊታቸውን መልሰው መወልወያውን ሲያነሡ ግን ሻሻቸውን ወደ ታች ሳብ አደረጉት። ያቺን ቀልድ ባልቀለድኩ።

ባጁስ? ድርጅቱ ራሱ አሳትሞ ደረታችን ላይ የሰቀለው ባጅ። የአንዱ ስም ሲፈታ የሥላሴ አገልጋይ ነው፤ የሌላው የአላህ ባሪያ፤ የአንዷ ደግሞ ማርያም ያለችበት ነው። ሰላምታችንስ? "እንዴት አደርሽ?" ስትላት "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች፣ ወይ "አልሐምዱሊላህ" ትላለች። መመሪያው ተጠብቆ ይሠራ ከተባለ አማርኛ ራሱ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀርባል። ይህን ለዘበኛችን ብነግራቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ሙስበሃቸው፣ መቁጠሪያቸው ማለት ነው፣ ከእጃቸው አይለይም፣ አስበው አስበው "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሰው ሲገባ ቦርሳውን ፈትሽ ብላችሁኛል። አሁን ደግሞ አንገቱን ልፈትሽ?" አሉኝ።

ገለልተኛ የምትለው ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እሷ ናት የምታሳክከኝ። ገለልተኛ ለማን? በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ጅማ ከተማ ውስጥ 120,960 ሰው ተቆጠረ፤ ከመቶ 47 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 39 ያህሉ ሙስሊም፣ 13 ያህሉ ፕሮቴስታንት። ከከተማው ወጥታችሁ ቡናው ወደሚበቅልበት ወረዳ ስትሄዱ ደግሞ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሂርማታ ገበያ ላይ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረው ማን ምን እንደሆነ እያወቀ ነው። ተሸፋፍኖ አይደለም።

ቡና ንግድ ውስጥ ደግሞ ምልክቱ ሥራ አለው። ሚዛን ቤት ቆማችሁ እዩ። አቅራቢው ጆንያውን አራግፎ "ወላሂ፣ ከመሬት አላደረቅኩትም፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ነው" ይላል። ገዢው እፍኝ ዘግኖ ያሸታል። ከዚያ በተራው "በማተቤ፣ ከዚህ በላይ ዋጋ የለኝም" ይላል። አንዱ የሌላውን መሐላ በራሱ ሃይማኖት አይለካም፤ የዚያን ሰውዬ እምነት መያዣ አድርጎ ይወስደዋል። ማተብ ያለው ሰው ነው ሲባል ስለ ክሩ አይደለም የሚወራው፤ ቃሉን አያጥፍም ማለት ነው። ሙስሊም አቅራቢ አንዱን ክርስቲያን ደላላ "ማተብ የለህም እንዴ?" ብሎ ሲቆጣው ሰምቻለሁ። በማተባቸው ምለው የሚሰርቁ የሉም ወይ? ሞልተዋል። በወላሂ የሚያጭበረብርም ሞልቷል፤ ጀንፈሉን ውኃ እየረጨ ሚዛን ላይ የሚያወጣ ስንቱን አውቃለሁ። ግን ደንበኛ ምልክት ሲያይ ይከፋዋል የሚለው ነገር፣ እኛ ሚዛን ቤት መጥቶ ያየ ሰው የጻፈው አይደለም።

ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ ሲያጣኝ ስልኬን ይዤ ሕግ ማንበብ ጀመርኩ። ፋይል ያዥ ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን አንቀጽ ማንበብ ሥራዬ ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። አንቀጽ 27 ላይ ደግሞ ሰው እምነቱን ለብቻው ወይም ከሌሎች ጋር፣ በይፋ ወይም በግል የመግለጽ መብት አለው። ይገደባል? ይገደባል። የሕዝብ ደህንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ የሌላው ሰው መብት ሲመጣ፣ ያውም በሚወጣ ሕግ። "የድርጅቱ ገጽታ" የሚል እዚያ ዝርዝር ውስጥ አላገኘሁም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ቁጥር 1156/2011ን ከፈትኩ። አንቀጽ 14 አሠሪ በሃይማኖት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። አንቀጽ 26 ሃይማኖት ሰውን ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ይናገራል። ስለ ማተብ ወይም ስለ ሂጃብ በስም የሚናገር አንቀጽ ግን የለውም። ክፍተቱ እዚህ ላይ ነው። ማንም አላባረራትም። አለባበስ ብቻ ነው የተባለው። ሃይማኖቷን ማንም አልነካም፤ ጨርቁ ነው የተነካው ሊባል ነው።

የውጭዎቹንም አነበብኩ፤ መመሪያው ከዚያ ስለመጣ መልሱም እዚያ ይኖራል ብዬ። ናዲያ ኤዌይዳ የምትባል የብሪቲሽ ኤርዌይስ ሠራተኛ አለች፤ የግብፅ ደም ያላት ኮፕቲክ ክርስቲያን ናት፣ እንደ እኛው። በፈረንጆቹ 2006 ትንሽ የአንገት መስቀሏን ከዩኒፎርሟ በላይ አድርጋ መጣች፤ ደብቂ ተባለች፤ እምቢ ስትል ወደ ቤቷ ላኳት። የሚገርመው፣ እዚያ ድርጅት ውስጥ ሂጃብና የሲክ ጥምጥም ይፈቀድ ነበር፤ ሃይማኖቱ ግድ ይላል፣ አይሸፈንም ተብሎ። መስቀል ግን ሸሚዝ ውስጥ ስለሚገባ ይግባ ተባለ። ይህን ሳነብ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። የእኔው ቁልፍ ነው እኮ! እሷ ደግሞ አልቆልፍም ያለች ሴት። ከደንበኛ ጋር የማያገናኝ የቢሮ ሥራ እንስጥሽ አሏት፤ አልፈልግም አለች። በሚቀጥለው ዓመት ድርጅቱ ራሱ ደንቡን ለወጠ፤ እሷም ተመለሰች። ክሱን አገሯ ላይ ተሸነፈች፤ በ2013 ግን የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ፈረደላት። ድርጅቱ ለገጽታው መጨነቁ ስህተት አይደለም፣ ግን ከሚገባው በላይ ክብደት ተሰጥቶታል አለ።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ፍርድ፣ ሸርሊ ቻፕሊን የምትባል ነርስ ተሸነፈች። እሷም መስቀል ነው ያሰረችው፤ ሆስፒታሉ ያለው ግን ሌላ ነው። በሽተኛ ሰንሰለቱን ይዞ ሊጎትት ይችላል፣ ቁስል ሊነካ ይችላል። ዳኞቹ ይህን ተቀበሉ።

ሌላዋ የቤልጂየም ሴት ናት፤ የአንድ ድርጅት እንግዳ ተቀባይ ነበረች፤ ሂጃብ ላድርግ ስትል ተባረረች። በፈረንጆቹ 2017 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ ደንቡ ሁሉንም ምልክት እኩል የሚከለክልና ሳይለይ የሚሠራበት እስከሆነ ድረስ ቀጥተኛ መድልዎ አይባልም አለ። የእኛ መመሪያ አያት እዚህ አለ ማለት ነው። ትልቅ ፍርድ ቤት ነው፣ እኔ ማን ነኝና፤ ግን ከእነዚያ ዳኞች ፊት ቆሜ ሸሚዜን አንዴ ልቆልፍላቸው ደስ ባለኝ።

ከሁሉም የነርሷ ጉዳይ ነው ያልለቀቀኝ። እሷ ብትሸነፍም የተነገራት ምክንያት ዓይን ለዓይን የሚነገር ነው። እኛም ጋ አለ። መፈልፈያው ቤት ውስጥ የማሽኑ ቀበቶ ሲሽከረከር አይታችኋል? የተንጠለጠለ ነገር አይወድም። እዚያ የሚሠሩት ልጆች ማተባቸውን ካናቴራ ውስጥ ይከታሉ፤ ሻርፕም ነጠላም ጫፉ ተሰብስቦ ይታሰራል። ማንም ተቀይሞ አያውቅም። ማንም ሃይማኖቴ ተነካ ብሎ አያውቅም። ምክንያቱን ማሽኑ ራሱ ይናገራላ! ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ቡና ለቃሚዎቹ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ አንዷ ሂጃብ፣ አንዷ ነጠላ፣ አንዷ ሻሽ፣ ጣታቸው ጥቁሩን ፍሬ ከነጩ እየለየ። መመሪያው እነሱን አይመለከትም፤ የቀን ሠራተኞች ናቸው፣ ደንበኛ አያያቸውም። ገለልተኛ መሆን ያለበት ደሞዝተኛው ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ አገር የራሱ ዘዴ አለው። ዓርብ ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምሳ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ሰው ጁምዓ ሰግዶ፣ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። እኛም እሱኑ ነው የምንከተለው። የማይሰግደውም ረጅም ምሳ ያገኛል፤ ዓርብን የሚጠላ ሠራተኛ አላውቅም። ይህም በነፃ አልመጣም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች፣ ክርስቲያኖችም አብረው፣ ለእኩልነት ሰልፍ ወጡ፤ ዒድም፣ ዓረፋም፣ መውሊድም ብሔራዊ በዓል የሆኑት በ1967 ነው። ከዚያ በፊት የአገሪቱ ካላንደር እንደ እኔው ካላንደር ነበር ማለት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ ካላንደሩን ከግድግዳው አወረድኩት። መመሪያውን ላከብር ብዬ አይደለም። አንገቴ የኔ ነው፤ ግድግዳው ግን የሁሉም ነው። እዚያ ወንበር ላይ ፈቃድ ሊጠይቅ፣ ቅሬታ ሊያቀርብ፣ ጡረታ ሊያስወስን የሚመጣ ሰው አለ፤ ቢሮው የማን እንደሆነ ከጀርባዬ እየተነገረው መቀመጥ የለበትም። ቁም ሳጥኑ በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል ሰቀልኩት። ቀን ለማየት ቁም ሳጥን መክፈት አለብኝ አሁን። ትንሽ ያስቃል። ሥራ አስኪያጁም ስልኩን ንዝረት ላይ አድርጎታል፤ ማንም ሳይነግረው።

በዚያው ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት ተደወለ። ገንዘብ ያዧ ሂጃቧን እንደማታወልቅ ሰምተዋል። "ችግር የለም፣ ደሞዟ ሳይነካ ወደ መዝገብ ቤት አዙራት" አሉኝ። መዝገብ ቤት ማለት ከጓሮ ያለች ክፍል ናት፤ አንድ መስኮት፣ አንድ አምፖል፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ፋይል። ስነግራት ብዙ አልተናገረችም።

"ሰባት ዓመት ስሠራ አንድ ብር ጎድሎብኝ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እሺ" አለች። እሷ እሺ ስትል እሺ ማለቷ አይደለም።

የዝውውር ደብዳቤ ማዘጋጀት የኔ ሥራ ነው። የቅጥር ቀኗንና የደሞዝ ደረጃዋን ለመጻፍ ፋይሏን አወጣሁ። የማመልከቻዋን፣ የዲፕሎማዋን ኮፒ፣ የዋስትና ወረቀቷን አገላበጥኩ። ከሥር በስቴፕለር የተያዙ ሁለት ጉርድ ፎቶዎች አሉ። አንደኛው ላይ ሰባት ዓመት ያነሰች እሷ ናት፤ ሰማያዊ ሂጃብ፣ ትንሽ የፈራ ፈገግታ። ሁለተኛው ላይ ያቺው ልጅ፣ ሻሿ ከጆሮዋ ኋላ ተጎትቶ፣ ግንባሯ ላይ ፀጉር እየታየ፣ ፈገግታው የለም። የመጀመሪያውን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "ይቀየር፤ ጆሮ አይታይም።"

የኔ ጽሑፍ ነው። "ጆሮ" የምትለው ላይ ሮን ትንሽ ጅራት አድርጌላታለሁ፤ እንደ ልማዴ።

አላስታውሰውም። ይህ ነው የከፋኝ። ማንም መመሪያ አልላከልኝም ነበር ያኔ። ፎቶ ማለት ጆሮ የሚታይበት ነው ብሎ አንድ ሰው ነግሮኝ ነበር፣ እኔም ሌላ ሰው ላይ ጻፍኩት። እሷ ሄዳ ሁለተኛ ፎቶ ተነሣች። ገንዘብ ከፈለች። ሥራ ፈላጊ ነበረች፤ ምን ትበል?

ደብዳቤውን አልጻፍኩም። ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ሁለት ገጽ፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት። አዋጁን ጠቀስኩ። ማሽን ባለበት ክፍል የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ይታሰር፣ የሰው ገላ ላይ ያለው ነገር ግን ንጹሕና ሥርዓት ያለው እስከሆነ ድረስ ይተው፣ ሂጃብም ከተፈለገ የዩኒፎርሙ ቀለም ይሁን፣ የጋራ ግድግዳ ላይ ማንም የራሱን አይስቀል ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። የደብዳቤው መጨረሻ ላይ የራሴን ማተብ ጉዳይም አነሣሁ፦ እኔም ሃይማኖታዊ ምልክት አለኝ፣ በአንድ ቁልፍ ስለሚሸፈን ብቻ ማንም መዝገብ ቤት አላዛወረኝም። ሥራ አስኪያጁ አነበበው፣ ጭንቅላቱን አሸት አሸት አደረገና ማኅተም መታበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተደወለ። "እስቲ ለጊዜው ያዙት" አሉ። መመሪያው አልተሻረም፤ እየተሠራበትም አይደለም። እንደ ብዙ ነገራችን መሀል ላይ ቆሟል። ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት እኔው ቀደድኩት። እማማ ሻሻቸውን ወደ ቦታው ለመመለስ ግን ወራት ፈጅቶባቸዋል፤ አሁንም እንግዳ ሲመጣ ሳብ ያደርጉታል።

ገንዘብ ያዧ መስኮቷ ላይ ናት። ያንን ፎቶ ለሳምንታት መሳቢያዬ ውስጥ ደብቄው ቆየሁ። በመጨረሻ፣ ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰግዳ ስትመለስ ጠበቅኳትና ሰጠኋት። ይቅር በይኝ አልኳት፤ የሚባለው ነገር ጠፍቶኝ ሌላ አልጨመርኩም። ፎቶውን ብዙ አየችው። ገለበጠችው። ጀርባውን አነበበች፤ ደግማ አነበበች።

"ጽሑፍህ ግን ያኔም ያምር ነበር" አለችኝ።

ፎቶውን አልመለሰችልኝም።